ፕላስቲክ አይጠማም

ፀሐይ ከአጥሩ በላይ አንገቷን ብቅ ስታደርግ ጋሽ ጥላ ካርቶናቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከቤት ይወጣሉ። ሰማዩ ካልጨፈገገ በስተቀር ይህ ቀርቶ አያውቅም። ካርቶኑ የማቀዝቀዣ ማሸጊያ ነበር፤ በመኪናዋ የፊት መስታወት ልክ ተቆርጦ፣ ጠርዙ እንዳይበላ ዙሪያውን በፕላስተር ተለብጧል። የሹፌሩን በር ይከፍቱና ካርቶኑን ከመሪው በላይ አሾልከው መስታወቱ ላይ ደገፍ ያደርጉታል፤ እንዳይወድቅም ሁለቱን የፀሐይ መከለያዎች ያጥፉበታል። ቀጥሎ የአራቱንም በሮች እጀታ እያዞሩ መስኮቶቹን አንዳንድ ጣት ዝቅ ያደርጋሉ።

«የታፈነ ነገር ሁሉ ይፈነዳል» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ዞራ በጎን ስትመጣ ደግሞ ሁለተኛ ካርቶን አለ፤ እሱ ጠበብ ያለ ነው፣ ለጎን መስኮት። ሲመሽ ሁለቱም ተነሥተው ከበሩ ኋላ ይቆማሉ። እንዲህ ስለሆነ የግቢው ሰው ጥላ አላቸው። የወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን አሁን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የሚወጣው ሁሉ አንድ ነገር ጣል ሳያደርግባቸው አያልፍም።

«ጋሽ ጥላ! ዛሬ ፀሐይዋ ቀደመችዎ እኮ!»

«አንተ ተኛ። እሷ እንዳንተ አታንቀላፋም።»

ይሳቃል። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሄዳል፣ ሕፃናቱም ወደ ትምህርት ቤት ይነዳሉ፣ ግቢው ጭር ይላል። ጋሽ ጥላ ከመኪናዋ ጋር ይቀራሉ።

መኪናዋ የእሳቸው አይደለችም። ነጭ፣ ትንሽ፣ አራት በር ያላት መኪና ናት፤ የልጃቸው። ልጅቱ አንድ ልጃቸው ነበረች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ አንድ ሰዋቸው ሆነች። ከስድስት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ፣ ሻንጣዋ ታክሲ ላይ ከተጫነ በኋላ ተመልሳ መጥታ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ጠብቅልኝ። በሳምንት አንዴ ሞተሯን አስነሣት። ከሁሉ ከሁሉ ግን ዳሽቦርዷን ከፀሐይ ጠብቅልኝ። አንድ ጭረት እንኳ የለባትም።»

«እኔ እያለሁ?» አሏት።

ለልጅቱ ዳሽቦርዱ ማለት የመኪናዋ ፊት ነው። ከሹፌሩ እስከ ጋቢናው ጫፍ የተዘረጋው ያ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ የቁልፍ መያዣ እንኳ አታስቀምጥበትም ነበር። አንድ ቀን እሳቸው የምስማር ሳጥን አኑረውበት «አባዬ! ፊቷን!» ብላ ስትጮህ፣ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ ይዘው አገር አቋርጠዋል።

መንዳት አይችሉም። ሠላሳ አራት ዓመት አናጢ ነበሩ፤ ቁም ሣጥን፣ አልጋ፣ የተማሪ ዴስክ ሲሠሩ ኖረው ከጋሪ በቀር የሚነዳ ነገር እጃቸው ገብቶ አያውቅም። ሞተር ማስነሣቱን ያስተማራቸው ካንዴላ ነው። ካንዴላ ከግቢው በር አጠገብ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ስሙ የወጣለት ሞተር ውስጥ እሳት በምትጭረው ዕቃ ነው፣ ነገር ሲነኩት ቶሎ ስለሚቀጣጠል።

«ቁልፉን ያዙሩ፣ ስትነሣ ይልቀቁ። ማርሹን ግን እንዳይነኩብኝ፣ ጋሼ። ከነኩት ከነግድግዳው ነው የምንቀብርዎት» ነበር ያላቸው። አልነኩም። በስድስት ዓመት አንድ ቀን አልነኩም።

ልጃቸው እሑድ እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ትደውላለች። እሳቸው ከአምስት ተኩል ጀምረው መኪናዋ ውስጥ ናቸው። የሹፌሩ ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ እሱ የእሷ ነው። እሷ እየነዳች እሳቸው ጣውላ ሊገዙ በሚሄዱ ጊዜ በሚቀመጡባት ወንበር፣ በጋቢና ሆነው፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ። ሲጮህ ሦስቴ ያስጮሁታል፤ ሲጠብቁ እንደ ነበር እንዳይታወቅባቸው።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና፣ ደህና።»

«መኪናዋስ?»

ወሬው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጎማው ትንሽ ተንፍሶ ነበር፣ ካንዴላ ነፋላት። ባትሪዋ ብርድ መቷት ስትለግም ነበር፣ አሁን ደህና ናት። በሩ ሲከፈት ይንጫጫ የነበረው ቅባት ተደርጎለት ዝም አለ። ሩብ ሰዓት እንዲህ ይሉና «በይ እንግዲህ፣ ሥራ አትፍቺ» ይሏታል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መኪናዋ ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቀመጣሉ። የሚወርዱበት ምክንያት አጥተው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ካርቶን የሚባል ነገር አልነበረም። ግቢው መሐል ትልቅ ዛፍ ነበር፤ መኪናዋ ጠዋትም ማታም ከሥሩ ናት። አንድ ቀን የመብራት ሠራተኞች መሰላልና መጋዝ ይዘው መጡ፤ ቅርንጫፉ ሽቦ ነካ ብለው ከላይ ጀመሩ፣ ከሥር ጨረሱ። ጋሽ ጥላ ሕመምተኛ እንደሚያስታምም ሰው ቆመው ግንዱን አዩት። እንጨቱ ለአንድ ሙሉ ቁም ሣጥን ይበቃ ነበር፤ ጭነው ሄዱ። በማግሥቱ ፀሐይ መኪናዋ ላይ እንደ ልቧ ወጣችባት።

መቼም ያልሞከሩት ነገር የለም። ሸራ አለበሷት፤ ከሸራው ሥር አይጥ ገብታ ጎጆ ሠራችና የመብራቱን ሽቦ ቆረጠች። ካንዴላን አዙረህ አቁምልኝ አሉት፤ ግቢው ጠባብ ነው፣ መኪናዋ እንደ ገባች ናት፣ ለመዞር አጥር መፍረስ አለበት። በሩን ሲከፍቱ የሚወጣው ግለት የምድጃ አፍ ነው። ዳሽቦርዱን በእጃቸው ጀርባ ሲነኩት ያቃጥላል። ቀለሙም ያ ጥቁርነቱ ሄደ፤ ነጣ፣ አመድ መሰለ።

ጋሽ ጥላ ይህንን ነገር ያውቁታል። የነጣ፣ አመድ የመሰለ ጣውላ ምን ማለት እንደሆነ ሠላሳ አራት ዓመት አይተዋል። የደረቀ ነው፣ የጠማው ነው። ዝም ከተባለ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱም አንድ ነው፣ ዘይት። እንጨት ዘይት ሲጠጣ ነፍስ ይዘራል።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከድሮ የሥራ ሣጥናቸው የእንጨት ዘይቱን ጣሳ ያወጣሉ። በጥጥ ጨርቅ ነካ፣ ነካ እያደረጉ፣ ለአንዲት ሙሽራ የሚሠራ የመስታወት ጠረጴዛ ይመስል፣ ዳሽቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ያሹታል። ጥቁርነቱ ይመለሳል! ያበራል! አንድ እሑድ እንዲያውም ለልጃቸው «ፊቷ እንደ መስታወት ነው» አሏት። ልጅቱ ሳቀች። ያቺ ሳቅ አንድ ሙሉ ሳምንት ስንቅ ሆነቻቸው፣ በሌላ ቅዳሜ አበዝተው ቀቡ።

እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። ዘይቱ ግን የትም አልገባም። ላዩ ላይ ተኝቶ ከፀሐይ ጋር ሲንጨረጨር ነው የከረመው። ተለጠፈ፤ አቧራውን ሰበሰበ፤ ጣት ሲያርፍበት እንደ ማር ይስባል። ጋሽ ጥላ ይህን ሲያዩ ገና አልጠገበም ብለው ጨመሩለት። አንድ ቀን ማለዳ በሩን ሲከፍቱ ከመሪው በስተቀኝ ፀጉር የምታክል መስመር አዩ። በጥፍራቸው ነኳት። ጥፍራቸው ገባ።

ካንዴላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ፤ አሸተተ፤ ቀና ብሎ አያቸው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የቀባቡበት?»

«የእንጨት ዘይት ነዋ። ደርቃብኝ፣ ጠምቷት።»

ካንዴላ ለአመሉ ሊቀጣጠል ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

«ይሄ እኮ እንጨት አይደለም፣ ጋሼ። ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ አይጠማም። እሱ የሚፈልገው ጥላና እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው። ዘይት ሲቀቡት ፀሐይዋ ትጠብሰዋለች እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ነጣብኝ?»

«ስለ ፀሐይዋ ነዋ! ሰው ፀሐይ ሲመታው ቢጠቁር ዘይት ያጠጡታል?»

ጋሽ ጥላ ጣሳውን ወስደው ሣጥኑ ውስጥ ቆለፉበት። ካርቶኖቹ የተቆረጡት በዚያው ሳምንት ነው። እሑድ ሲደርስ ልጅቱ «ዳሽቦርዷስ? ፀሐይ አልጎዳትም?» ብላ ጠየቀች። አፋቸው ሳያስፈቅዳቸው «ምን ሲደረግ! እኔ እያለሁ?» አለ። አንዴ ካሉት በኋላ በየሳምንቱ ማለት ሆነ። ሁለት ዓመት። ስንጥቋ እንደ ሆነ አድጋ ስንዝር አልፋለች፤ ውሸቷም አብራት።

እንዲህ እያለ አንድ ረቡዕ ስልኩ ጮኸ።

ረቡዕ የማንም ቀን አይደለም። ጋሽ ጥላ ካልሲ እያጠቡ ነበር፤ በእርጥብ እጃቸው አነሡት፣ ሦስቴ እንኳ አላስጮሁትም።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም አባዬ። ደስ የሚል ነገር ልነግርህ ነው። እዚህ የመኖሪያ ወረቀቴ ወጣልኝ። እና ደግሞ... አስቤበት ነው፣ መኪናዋን ልሸጣት ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ወንድም አላት፣ መምህር ነው። ቅዳሜ መጥቶ ያያታል።»

የካልሲው ውሃ በክንዳቸው ወርዶ ክርናቸው ላይ ደረሰ።

«ትሸጫታለሽ» አሉ።

«አንተንም አሳርፍሃለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ መኪና ስትጠብቅ! ይበቃሃል። አባዬ? አለህ?»

«አለሁ። ጥሩ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ።»

«መኪናዋ መቼም አታሳፍረንም፣ አይደል?»

«ምን ሲደረግ» አሉ፤ የቀረውን ግን መጨረስ አቃታቸው።

ስልኩ ተዘግቶ ካልሲዎቹን ሦስት ጊዜ አለቀለቁ። ስንጥቋ አሳስባቸዋለች፤ ስንጥቋ ግን ትንሿ ነገር ናት። ትልቋን አውጥተው ሊያስቧት አልደፈሩም፣ እሷ ግን ከካልሲው ጋር አብራ ትታጠብ ነበር። መኪናዋ ከሄደች እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ልጅቱ ምን ብላ ትጠይቃለች? «እንዴት ነህ?» «ደህና፣ ደህና።» ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያለውን ሩብ ሰዓት በምን ይሞሉታል? አንድ እሑድ ዝም ብለው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይሰማሉ፤ ሁለተኛው እሑድ ያጥራል፤ ሦስተኛው ላይ ሥራ ይበዛባታል። ሰው የሚረሳው በክፋት አይደለም፣ ወሬ ሲያጣ ነው።

ካንዴላ ነገሩን ሲሰማ ቀላል አደረገው።

«ጋሼ፣ ልብስ ያልብሷታ! የዳሽቦርድ ልብስ። ከላይ ጣል ነው፣ አለቀ፣ ማን ከሥሩ ያያል? ጥግ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ በአንድ ቀን ታደርሳለች።»

«መደበቅ አይሆንም?»

«እርስዎም ሸሚዝ ለብሰዋል፣ እኔ ምን እንደሚደብቁ ጠየቅኩ?»

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ጥላ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ሥራ ጀመሩ። ጋዜጣ በፕላስተር ቀጣጥለው ዳሽቦርዱ ላይ አለበሱት፤ በጣታቸው ጠርዝ ጠርዙን ተጭነው መስመር አወጡ፤ አየር የሚነፋበትን ቀዳዳ፣ የሰዓቱን ጉብታ፣ ጋቢናው ጥግ ላይ ያለችውን ዙር ሳይቀር በጆሯቸው በምትሰካው እርሳስ ነደፉ። ምላጭ ይዘው ሲቆርጡ መስመሩን አንዴም አልሳቱም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እጃቸው ለእንዲህ ያለ ሥራ ተጠርቶ አያውቅም ነበር፤ ከሐዘናቸው ጋር ጥቂት ደስታም ገባባቸውና አፈሩበት።

ሰፊዋ የመኪና ወንበር ልብስ የምትሰፋ ወፍራም ሴት ናት፤ መቀስ በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ምስማር ላይ ከተሰቀሉ የወረቀት ልኮች መሐል ትቀመጣለች። የጋሽ ጥላን ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ማን ነው ይህን የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ሰው ወደኔ ሲመጣ 'ነጭ መኪና ናት' ብሎ ነው ልክ የሚነግረኝ። እርስዎ ግን ሰፍተው ጨርሰው፣ ክር ብቻ ነው ያስቀሩልኝ።» ጥቅል ጨርቆቿን አገላብጣ ግራጫ፣ ሻካራ፣ ወፍራም ጨርቅ ሳበች። «ይሄ ይሁን። የሚያብለጨልጭ አልሰጥዎትም፤ መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ሹፌሩን ያሳውረዋል። በማጣበቂያም እንዳያጣብቁት፤ ሲነሣ ቆዳውን ይዞት ይሄዳል። ከሥሩ ተለጣፊ እሰፋለታለሁ።» መቀሷን አነሣችና ቆም አለች። «ለፀሐይ ነው ወይስ ለዓይን?»

ጋሽ ጥላ አልገባኝም ለማለት ፈልገው ነበር።

«ለዓይን» አሉ።

ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። አልገሠጸቻቸውም።

«ግዴለም። ለዓይን የተሰፋውም ፀሐይ ይከለክላል» ብላ መቁረጥ ጀመረች።

ቅዳሜ መምህሩ ከሚስቱ ጋር መጣ። ቀጭን፣ ትሁት ልጅ ነው፤ ሚስቱ ሆዷ ገፍቷል፣ መኪና ያስፈለጋቸውም በዚያ ምክንያት እንደሆነ ያስታውቃል። ካንዴላ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን አሰማቸው፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገላቸው። ጋሽ ጥላ እጃቸውን ኋላ አጣምረው ከአጥሩ ጋር ቆመዋል። የተሰፋው ልብስ ዳሽቦርዱ ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድ እጥፋት የለውም። ስንጥቋ ከሥሩ ናት።

ሚስትየው ጋቢና ገብታ ተቀመጠች። በጋሽ ጥላ ወንበር።

«እንዴት ያለ ንጽሕና ነው!» አለች። «አባባ፣ እርስዎ ነዎት የጠበቋት?»

«እኔ ነኝ።»

«አየህ?» አለችው ባሏን። «ያየናቸውን ሌሎቹን አስታውስ። ሰው እንዲህ አድርጎ የጠበቀውን ነው መግዛት። ዓይን ጨፍኖ ነው የሚገዛው።»

መምህሩ የልብሱን ጠርዝ ነካ ነካ አደረገ። «ከሥሩ ደህና ነው አይደል፣ አባባ?»

ካንዴላ ከመምህሩ ኋላ ሆኖ በዓይኑ ምልክት ሰጣቸው፤ ዝም በሉ ነው።

ጋሽ ጥላ ሁለቱንም መንገድ አዩት። ደህና ነው ካሉ ክብራቸው ይተርፋል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። ተሰንጥቋል ካሉ ምናልባት እነዚህ ሰዎች ይመለሳሉ፤ መኪናዋ ትቀራለች፤ እሑድም ትቀራለች። አንድ ሰው እውነት ሊናገር ሲል እንኳ ጥቅሙን እያሰላ መሆኑን ሲያውቅ የሚሰማው መራራ ነገር ተሰማቸው። ግን ሚስትየው «ዓይን ጨፍኖ» ያለችው ቃል ጆሯቸው ውስጥ ነበር፤ ከነሆዷ ዓይኗን ጨፍና እሳቸውን አምና ተቀምጣለች።

በግራ በር ገብተው የልብሱን ጫፍ ያዙና ገለጡት። ተለጣፊው ቸርርር አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ፀሐይዋ ጀመረች፣ እኔ ጨረስኩት። የእንጨት ዘይት ቀባሁት። አናጢ ነኝ፣ የጠማው መስሎኝ ነው። ልጄ አታውቅም። እሷን እንዳትታዘቡብኝ።»

ካንዴላ ወደ ሰማይ አየ። መምህሩ ስንጥቋን በጣቱ ተከተላትና ስልኩን አውጥቶ ወደ ግቢው በር ራቅ አለ። ለማን እንደሚደውል ግልጽ ነው። ጋሽ ጥላ ልብሱን በእጃቸው ይዘው፣ አጣጥፈው፣ ዘርግተው፣ እንደገና አጣጠፉት። መምህሩ ተመልሶ ስልኩን ሰጣቸው።

«እርስዎን ትፈልጋለች።»

ጋሽ ጥላ ስልኩን ይዘው ከመኪናዋ ኋላ ሄዱ።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ተሰንጥቋል?»

«ተሰንጥቋል።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ሁለት ዓመት! በየሳምንቱ እየጠየቅኩህ፣ በየሳምንቱ?» ድምፅዋ ከንዴት ይልቅ ግራ የተጋባ ነው። «ለምን አልነገርከኝም? ለፕላስቲክ የምቆጣህ መሰለህ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እንደዚያው ነው የሆነው።

«መኪናዋን ነው የምትጠይቂኝ» አሉ። «ተበላሽታለች ካልኩሽ ሌላ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ከወዲያ በኩል ሩቅ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ የሰው ሳል፣ የጋሪ ጎማ ድምፅ። ልጅቱ የምትሠራው አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ነው።

«አባዬ፣ እኔ እኮ መኪና አሳስቦኝ አያውቅም» አለች ቀስ ብላ። «አንተ እንዴት ነህ ስልህ 'ደህና፣ ደህና' ብለህ በሩን ትዘጋብኛለህ። መኪናዋስ ስልህ ግን ሩብ ሰዓት ታወራለህ። ድምፅህን የምሰማው እንደዚያ ነው። ስለዚህ እሷን እጠይቃለሁ።» ትንፋሿን ሳበች። «እዚህ የማጥባቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ደህና ነን ነው የሚሉኝ። ሁሉም። እኔ ግን ገላቸውን ስለማየው አውቃለሁ። ያንተን ማን ያይልኛል?»

ስልኩ የጋሽ ጥላ ጆሮ ላይ ሞቀ። የመኪናዋ ኋላ መስታወት ላይ አንድ ሽማግሌ ጨርቅ አቅፎ ቆሞ አዩ፤ እሳቸው ናቸው።

«ታዲያ... እሸጣታለሁ፣ እሺ?» አለች ልጅቱ። «ሚስቱ ልትወልድ ነው። ያስፈልጋታል።»

«ሽጫት» አሉ። «ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

መምህሩ ስንጥቅ መንገድ አያስቀርም ብሎ ተስማማ። ጋሽ ጥላ ልብሱን መልሰው አለበሱላት፤ ለሚስትየውም ነገሩን ሁሉ አስተማሯት። ስትቆም ጀርባዋን ለፀሐይ አዙሪው፤ ካልሆነ ካርቶኑ አለ። መስኮቷ አንድ ጣት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊያት፣ ሌላ ምንም፣ ምንም እንዳታስነኪያት፤ የሚያበራ ነገር ሲያሳዩሽ እምቢ በይ። ሴትየዋ እየሳቀች «ስለ ልጅ አጠባበቅም እርስዎጋ ነው የምመጣው» አለች።

መኪናዋ በኋላ ማርሽ እያፈገፈገች ከግቢው ወጣች። ካንዴላ በሩን ይዞ ቆሞ ነበር።

«መቼስ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ጋሼ» አለ። «እኔ ብሆን አልገልጠውም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለዚህ ነው እኔ መካኒክ የሆንኩት» አለና፣ ሲስቁለት ጠብቆ ሳይስቁለት ሲቀር፣ ትከሻቸውን መታ አድርጎ ወደ ጋራዡ ገባ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ጋሽ ጥላ ፀሐይ ስትወጣ እንደ ልማዳቸው ወጡ። ብብታቸው ባዶ ነው። መኪናዋ ቆማበት የነበረው ቦታ ላይ በአራት ማዕዘን የሣር ዘር ያልነካው ደረቅ መሬት ቀርቷል፣ መሐሉ ላይ የሞተር ዘይት ጠብታ ክብ አለ። የግቢው ሰው የእረፍት ቀን ስለሆነ በየቤቱ ነው። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሽ ጥ...» ብሎ ጀመረና ባዶውን ቦታ አይቶ መስኮቱን ቀስ ብሎ ዘጋ።

አምስት ተኩል ሲሆን ከቤት ራሳቸው የሠሩትን በርጩማ አወጡና ጋቢናው የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ተቀመጡ። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ፀሐይዋ ከራሳቸው በላይ ናት፤ መስታወት የለም፣ መከለያ የለም። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ከአምስት ሆነ። ስድስት ከአሥር ሆነ። እንግዲህ ይኸው ነው አሉ በልባቸው፣ ሦስተኛውን እሑድ እንኳ አልጠበቀችም።

ስድስት ከሩብ ላይ ጮኸ። በመጀመሪያው ጩኸት አነሡት።

«አባዬ፣ ይቅርታ፣ አንድ ሰውዬ ሻወር ቤት ተንሸራቶብኝ ነው። እንዴት ነህ?»

«ደህና» አሉ፤ ሁለተኛው ደህና ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ። እዚያው ያዙት። ልጅቱም አላገዘቻቸውም፤ መኪናዋስ የምትልበት ቦታ ላይ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉ በመጨረሻ። «ግራውን።»

«መቼ ጀመረህ?»

«ባለፈው ክረምት። ጎንበስ ብዬ ስነሣ። መኪናዋ ውስጥ ስገባና ስወጣ የባሰ ነበር፣ አሁን እንግዲህ...» ጨርሰው አላሉትም።

«ያብጣል? በጣትህ ጫን ብትለው ይሰረጉዳል?»

ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቀለሉና ጫኑት። ካንዴላ ጎማ እንደሚጫነው። «ትንሽ» አሉ።

«አሁን የት ነህ?»

«ግቢ ነኝ።»

«በዚህ ሰዓት? ፀሐይ ላይ? አባዬ፣ ተነሥና ጥላ ውስጥ ግባ!»

ጋሽ ጥላ ዙሪያቸውን አዩ። ግቢው ውስጥ በዚያ ሰዓት ጥላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዛፉ ተቆርጧል፣ መኪናዋ ሄዳለች። ስልኩን በጆሯቸው እንደያዙ ተነሥተው ወደ ቤት ሄዱና ከበሩ ኋላ እጃቸውን ሰደዱ። የፊቱ ካርቶን ከመኪናዋ ጋር ሄዷል፤ ጠባቡ፣ የጎኑ፣ ተረስቶ ቀርቷል። አወጡት። ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡና ካርቶኑን ራሳቸው ላይ ደፉት።

«ገባሁ» አሉ። «ስለ ጉልበቴ ምን አልሽ?»